የሁለቱ የእንግሊዝ ጠብመንጃዎች ነገር

ለተክሌ፣ ለቤቴ ሰው፤

ከተለየኸኝ ስምንት ዓመት ሆነ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁህ በወህኒ ቤቱ አጥር ማዶ ነው፤ ያጠብኩልህን ሸሚዝ ተቀብለህ የቆሸሸውን አጣጥፈህ ሰጠኸኝ። በሕይወት ሳለህ በሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር። ዛሬ የሚሰማን ስለሌለ፣ ብቻችንን ስንሆን እንደምጠራህ አንተ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። ወደ መንገድ የሚከፈተው የሥራ ክፍልህ ትርፍ ነው ተብሎ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሞረዶችህን የምትሰቅልበት ምስማር እስከ ዛሬ አለ፤ አሁን የልጆች ልብስ ይሰቀልበታል። ከእኔ ክፍል ጋር የምታገናኘዋ በር በጭቃ ተደፍና ግድግዳ ሆናለች። ጭቃው ሲደርቅ ስለተሰነጣጠቀ ወዲያ የሚነገረው ሁሉ ወዲህ ይሰማል። ማን እንደሚኖርበት ስነግርህ አትደንግጥ። ተማም ነው፤ ያ ዓይኑን ያጣው አብዮት ጠባቂ። አንተ የታሰርክበት ሰው ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር በአንተ ክፍል ይኖራል።

እኔም ከዚህ አልወጣሁም። ወልቂጤ ያለችው እህቴ ነይና አብረን እንኑር እያለች ትልክብኛለች። ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን ስጠይቅ ደግሞ የማን ሚስት እንደነበርኩ እንደ አዲስ ይጠየቃል። ስለዚህ ሳልጠይቅ ዓመቱ ያልፋል። ወደ ስብሰባ እሄዳለሁ፤ እጅ አውጡ ሲሉ አወጣለሁ፤ ተመልሼ እገባለሁ።

ይህን የምጽፍልህ ሰሞኑን ከተማም ጋር በሆነው ነገር ምክንያት ነው። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን ሳታውቀው የሞትክበትን ነገር መናገር አለብኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጀምረው ብዬ አቅቶኛል፤ አሁንም ከሩቅ ልነሳ።

በዚያ ዘመን ከአጋሮም፣ ከሰቃም፣ ከሊሙም የሚጠገን ጠብመንጃ ይዘው ይመጡልህ ነበር። ቡናቸውን ጅማ አራግፈው ሲመለሱ ጠብመንጃቸውን አንተ ዘንድ ይተዋሉ። የጅማ ዝናብ ብረት አይምርም፤ ክረምት በወጣ ቁጥር ክፍልህ በዛገ ጠብመንጃ ይሞላ ነበር። የአንተን ደንብ ደግሞ ሌላ ጠጋኝ ዘንድ አላየሁትም። ጠብመንጃውን ተቀብለህ መጀመሪያ የምታደርገው፣ ጥይቱን ወደ ውስጥ የሚገፋውንና ከኋላ የሚዘጋውን ብረት ስበህ ማውጣት ነበር። እኛ መቀርቀሪያ እንለው ነበር። ጠብመንጃው በሥራ ክፍል ይቀራል፤ መቀርቀሪያው በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ ከላዩ የባለቤቱ ስምና የጠብመንጃው ቁጥር በእርሳስ ተጽፎበት፣ አልጋችን ሥር ባለው ሣጥን ይቀመጣል። «ሌባ ቢገባ ዱላ ይዞ ይሂድ» ትል ነበር። የሣጥኑ ጠባቂ እኔ ነበርኩ።

ማንበብ የለመድኩት ከዚያ ሣጥን ነው። ማንም አላስተማረኝም። የባለቤቶቹን ስም በቃል አውቅ ስለነበር፣ ስሙን እያልኩ ፊደሉን ለየሁ። ከስሙ ወደ ጋዜጣው ተሻገርኩ። አንድ ቀን መቀርቀሪያ እየጠቀለልኩ ስለ በቆሎ ዘር የተጻፈ ነገር ጮክ ብዬ ሳነብልህ ሞረድህን አስቀመጥክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋዜጣ ስትገዛ ሰፊውን ገጽ ሳትቀድ ትተውልኝ ነበር።

መቀርቀሪያዎቹንም በእጄ ለየኋቸው። እንግዳ ሲመጣ ዓይኔን በነጠላ ትሸፍንና አንዱን ታስይዘኛለህ፤ እኔም የየት አገር እንደሆነ እናገራለሁ። የፈረንሳዩ ውጅግራ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ጥይቱን አንድ በአንድ ብቻ ይጎርሳል። የተኮሰበት ሰው መምታቱን የሚያውቀው ጭሱ ሲገለጥለት ነው ትል ነበር። የጣልያኑ ምንሽር ቀጭንና ቀላል ነው፤ ስድስት ጥይት ከነማቀፊያው በአንድ ጊዜ ይገባለታል፤ ጥይቱ ሲያልቅ ባዶው ማቀፊያ ከሆዱ ሥር ይወድቃል። ምንሽር ያላቸው ሁሉ የሚመጡት ማቀፊያ ጠፋን እያሉ ነበር። «ጣልያን ጠብመንጃውን ትቶልን ማቀፊያውን ይዞ ሄደ» ስትላቸው ይስቁ ነበር፤ አንተ ግን አትስቅም። ቤልጅጉ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። የአጋሮው ቡና ነጋዴ የእሱን ቤልጅግ ከመሬት የሚያሳርፍ አይመስልም ነበር፤ ከሚስቴ ይልቅ እሱን ነው የምሸፍነው ይል ነበር። «ለዚህ ነው ሚስትዎ ከእርስዎ ይልቅ ጤነኛ የሆኑት» አልከው። አንተ ቤልጅግን ታደንቅ ነበር፤ ግን አትወደውም። ጭቃ ከነካው ይኮራል፣ ለእኛ አገር አልተሠራም ትል ነበር።

የምትወደው እንግሊዙን ነበር። አሥር ጥይት ይይዛል፤ የመቀርቀሪያው ጉዞ አጭር ነው፤ ጭቃም ዝናብም አያስቆመውም። አንድ ነገሩን ብቻ ደጋግመህ ታስጠነቅቀኝ ነበር። የእንግሊዙ መቀርቀሪያ ጫፉ ተፈትቶ የሚወጣ ነው፤ እያንዳንዱ ጫፍ ለራሱ ጠብመንጃ ተለክቶ ይገጠማል። «ብርቄ፣ ሌላውን በእጅሽ እወቂው፤ እንግሊዝን ግን በእጅሽ አትመኚው። ሁለት እንግሊዝ አንድ ይመስላል፣ አንዱ የሌላውን ይቀበላል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። የፀጉር ያህል ከተለየ ግን የጥይቱ ቀለህ ተቀድዶ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ቁጥሩን ብቻ እዪ» ትለኝ ነበር። ቁጥሩ በመቀርቀሪያው እጀታ ላይ፣ ከቅባት በታች ተቀርጾ ነበር።

መሣሪያ ሁሉ ለቀበሌ ይሰጥ የተባለ ጊዜ ሥራ ክፍልህ ውስጥ አሥራ አንድ ጠብመንጃ ነበር። ሁለቱ እንግሊዝ ነበሩ፤ አንዱ የአንድ የሰቃ ሰው፣ ሌላው የአንድ የሊሙ ሰው። አንተ ወባ ይዞህ አልጋ ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። «አንቺ አገጣጥሚያቸው፤ ቁጥሩን እያየሽ» አልከኝ።

ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ምን እንዳደረግሁ አላወቅህም። የሰቃው ሰው መቀርቀሪያ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ውሃ ሙላት የከበባት ሴት ነገር ተጽፎ ነበር። ሴትየዋ ጣሪያ ላይ ወጥታለች፤ ውሃው እየጨመረ ነው፤ እዚያ ላይ ወረቀቱ ተቀድዷል። ቀሪው የት እንዳለ ፈለግሁ። የሊሙው ሰው መቀርቀሪያ ላይ አገኘሁት፤ አንድ ገጽ ለሁለት ከፍለህ ነበር የጠቀለልካቸው። ሁለቱንም ፈታሁና ወረቀቶቹን መሬት ላይ አጋጠምኳቸው። ሴትየዋን በጀልባ አወጧት። ደስ አለኝ። ከዚያ መልሼ ጠቀለልኳቸው። የትኛውን በየትኛው እንደጠቀለልኩ አላየሁም፤ የማየው ነገር እንዳለም በጊዜው አልታየኝም።

ሳገጣጥም ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከጠብመንጃው ቁጥር ጋር አስተያየሁ። ልክ ነበር። መቀርቀሪያው ራሱ ላይ ያለውን ለማየት ግን ቅባቱን መጥረግ ነበረብኝ። የመጀመሪያውን እንግሊዝ ስዘጋ ያ ጋዜጣ ትዝ አለኝ። እጄን አቆምኩ። ተረካቢዎቹ ግን በር ላይ ደርሰው «ቶሎ በሉ፣ ጓዶች» ይሉ ነበር። ዘጋሁት። ሁለቱም እሺ ብለው ተዘጉ። ከአልጋህ ሆነህ «ቁጥሩን አየሽ?» አልከኝ። አዎ አልኩህ። ተነስተህ ግድግዳ ተደግፈህ፣ እኔ ራሴ አገጣጥሜ አስረክቤአለሁ ብለህ ፈረምክ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ታውቀዋለህ። እንግሊዞቹ ለአብዮት ጠባቂዎች ታደሉ። ተማም ያኔ ከጅሬን የመጣ ወጣት ነበር፤ ልምምድ ሜዳ ላይ በሦስተኛው ጥይት ቀለሁ ተቀደደና ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ለምርመራ የመጣው የጦር ሰው ቅባቱን ጠረገና ቁጥሮቹ እንደማይገናኙ አየ። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ተባለ። መጥተው ወሰዱህ።

የማታውቀው የሚከተለው ነው። በሦስተኛው ቀን ስንቅ ሳመጣልህ ወደ አጥሩ ተጠግተህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ «ብርቄ፣ ያን ቀን ቁጥሩን በእርግጥ አይተሻል አይደል?» አልከኝ። ፊትህ ላይ ቁጣ አልነበረም። አላየሁም ብልህ ኖሮ፣ ታምሜ ነበር፣ ስሕተት ነው ትላቸው ነበር። ምናልባት ጥቂት ወር አስረው ይለቁህ ነበር። ዘበኛው ግን አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ፈራሁ። ዘበኛው ባይኖርም እፈራ ነበር መሰለኝ። «አይቻለሁ» አልኩህ። ፊትህ ተፈታ። «እንግዲያው እነሱ ናቸው የቀያየሩት» አልክ። በሚቀጥለው ቀን ይህንኑ ለመርማሪው ተናገርክ። አንተ የምታውቀውን እውነት ነው የተናገርከው፤ እነሱ ግን የአብዮት ጠባቂን ስም አጠፋ አሉ። ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት ያዛወሩህ በዚያ ቃል ነው። እዚያ ተስቦ ገባ። በእኔ «አዎ»ና በእኔ «አይቻለሁ» ሞትክ።

አሁን ወደ ተማም ልመለስ። ክፍልህን ሲሰጡት ግቢ ውስጥ ጠላት የገባ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን በግድግዳው ወዲያ ሆኖ «አካም ቡልታን፣ አዴ» ብሎ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አለኝ። እናቱን እንደሚጠራ አዴ ይለኛል። ጣሪያዬ ሲያፈስ ወጥቶ ቆርቆሮ አነባበረልኝ። ስለ ዓይኑ አንድ ቀንም አንስቶብኝ አያውቅም። ደግ ባይሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ቢያንስ በሬን ዘግቼ እቀመጥ ነበር።

ዘንድሮ የቀረችው ዓይኑ መደብዘዝ ጀመረች። እሱ ይቀልዳል፤ «ብቻዋን የሁለት ሰው ሥራ ስትሠራ ሰለቻት» ይላል። ሚስቱ ሙና ደግሞ «ትናንት የጎረቤቱን ፍየል እህቴ ብሎ ሰላም አላት» እያለች ትስቅበታለች፤ ከዚያ በግድግዳው ወዲያ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዶ ቶሎ ካልታከመ ትጠፋለች ብሎታል። ለአብዮቱ የቆሰለ ሰው በነፃ ይላካል። ግን ወረቀት ያስፈልጋል። የቀበሌው ጸሐፊ «የቆሰልክበት ሴራ ይጠቀስ፤ ሴረኛው በስሙ ይጻፍ፤ አለዚያ ወረቀቱ አያልፍም» አለው።

እዚህ ሰፈር ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሰፈራችን የበቾ ቦሬ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ተማምም መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጃፍ ላይ ቆመ። «አዴ፣ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። እኔ እንዳልጽፈው ፊደሉ ሁሉ ዝንብ ሆኖብኛል። ሌላ ሰው ዘንድ እንዳልሄድ፣ ሌላ ሰው የጋሽ ተክሌን ስም በክፉ ቃል ይጽፈዋል። እርስዎ ቢጽፉት ክፉው አይበዛም ብዬ ነው፣ ወላሂ» አለኝ።

ግባ አልኩት። የተቀመጠው አንተ ትቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ነው። አልጽፍም ብል ዓይኑ ይጠፋል። እውነቱን፣ ስሕተት ነው ብዬ ብጽፈው ሴራ የለም፣ ሴራ ከሌለ ወረቀቱ አያልፍም፣ ዓይኑ ይጠፋል። የታዘዝኩትን ብጽፍ አንተን በገዛ እጄ አድኃሪ እላለሁ። ነገ ና አልኩት።

ሁለት ማመልከቻ ጻፍኩ። በአንደኛው ላይ ሴረኛው አንተ ነህ። በሁለተኛው ላይ እኔ ነኝ፤ መቀርቀሪያዎቹን ሆን ብዬ የቀያየርኩ እኔ፣ ብርቅነሽ፣ ነኝ ይላል። ሆን ብዬ የሚለው ውሸት ነው። ስሙ ግን እውነት ነው። የእሱም ዓይን፣ የአንተም ስም የሚድንበት ሌላ አጻጻፍ ፈልጌ አጣሁ።

በማግስቱ ሲመጣ ሁሉን ነገርኩት። ጋዜጣውን፣ ቅባቱን፣ በር ላይ የነበሩትን ሰዎች፣ አጥሩ ጋ ያልኩህን። ስናገር ወደ መሬት ነበር የማየው። ስጨርስ «ለጋዜጣ ነው?» አለኝ። ለጋዜጣ ነው አልኩት። ተነስቶ ወጣ። ወረቀቶቹን አልነካቸውም።

ሁለት ቀን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ እንደምን አደሩ የሚል አልነበረም። ሙና ስትጠይቀው ተዪኝ ሲላት ሰማሁ። ለቀበሌ ነግሮብኝ ሊወስዱኝ ይመጣሉ ብዬ ልብሴን አጥቤ፣ ሁለት ነጠላ አጣጥፌ ተቀመጥኩ። እውነቴን ነው ተክሌ፣ ቢመጡ ኖሮ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብቻውን መጣ። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ነበሩ። ጎንበስ ብሎ በቀረችው ዓይኑ ተጠጋቸው፤ ሊለያቸው አልቻለም። «የትኛው ነው የጋሽ ተክሌ?» አለኝ። ልዋሸው እችል ነበር። የእኔን ወረቀት የአንተ ነው ብዬ ብሰጠው ይዞት ይሄድ ነበር። በጣቴ አሳየሁት። አነሳውና አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

«ሟች አይታሰርም፣ አዴ» አለኝ። «እርስዎ ግን ይታሰራሉ።»

ይቅር ብያለሁ አላለኝም። አልረገመኝምም። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና «የተረፈው ነገር በእርስዎ፣ በእሳቸውና በአላህ መካከል ነው፤ እኔ የዓይኔን ነው የያዝኩት» ብሎ ወጣ።

ወረቀቱን ሲያጥፍ እጄን ዘርግቼ ልይዘው እችል ነበር። «ስጠኝ፣ ያኛውን ውሰድ» ማለት ሦስት ቃል ነው። አልዘረጋሁም። እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ እያየሁት እዚያው ቀረ። አንተ ለሁለተኛ ጊዜ በእኔ ፋንታ ሄድክ፤ እኔም ለሁለተኛ ጊዜ ቤት ቀረሁ። እሱ ሲወጣ የእኔ ስም ያለበትን ወረቀት ምን እንዳደረግሁት ልንገርህ፤ ከዚህ በኋላ ከአንተ የምደብቀው አይኖርም። ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ነድዶ እስኪያልቅ በሩን እያየሁ ቆምኩ።

ማኅተሙ በዚያው ቀን ተመታ። ትናንት ተማምና ሙና አዲስ አበባ ተሳፈሩ። ልጆቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ አሁን ይህን ስጽፍ ከግድግዳው ወዲያ ይጣላሉ። ዓይኑ ትድን እንደሆነ አላውቅም። እንድትድን ግን ለራሴ ለምኜ በማላውቀው ዓይነት እለምናለሁ። በቀበሌው መዝገብ ውስጥ ደግሞ አድኃሪው ተክሌ የሚል ወረቀት አለ፤ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ፊደሌን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ መዝገብ ላይ እጄ አይደርስም።

ስለዚህ ቃል የምገባልህ በሚቻለኝ ነው። በእኔ ዘንድ በዚያ ወረቀት ስም አትታሰብም። በየዓመቱ በሙት ዓመትህ ዕለት ደብተር ገዝቼ እቀመጥና፣ ያንን በጻፈው እጄ ይህንን እጽፋለሁ፦ ተክሌ ቁጥር ሳያይ መቀርቀሪያ ገጥሞ አያውቅም፤ ያልተመለከትኩት እኔ ነኝ፤ ጠይቆኝ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ አምኖኝ ሞተ። ዓይኔ እስካየ ድረስ እጽፈዋለሁ። ዓይኔ ሲደክም በቃሌ እለዋለሁ።

ሚስትህ ብርቅነሽ